ለሶፋ የሚገጠም ባስ ሼከር፦ መስማት ለተሳናት እህቴና ለቤተሰቡ የትኛውን ልምረጥ?

የማራኪው ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። የሳሎናችን ግድግዳ ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ችፑድ፣ ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አምስት ስፒከርና አንድ ባለ 10 ኢንች ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር) ያለው የቤት ሲኒማ አሟልቻለሁ። በሥዕሉም በድምፁም ቅሬታ የለኝም፤ ነገር ግን ሁለት ጉዳዮች ዕረፍት ነስተውኛል።

አንደኛው የቆርቆሮው ጉዳይ ነው። ባሱ በሰውነት እስኪሰማ ድረስ ከፍ ሳደርገው ከፊልሙ ይልቅ የኮርኒሱና የጣሪያው መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችንም ሕፃን ልጅ ስላላቸው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰብዉፈሩን ለማጥፋት እገደዳለሁ።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበኝ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። በልጅነቷ በማጅራት ገትር ታማ ከዳነች ወዲህ መስማት አትችልም። ፊልም ስናይ እኛ ሶፋው ላይ ስንቀመጥ እሷ ሴራሚኩ ላይ ትራስ አንጥፋ፣ ጀርባዋን የሰብዉፈሩ ሳጥን ላይ አስደግፋ ነው የምታየው። ሰብዉፈሩን ያጠፋሁ እንደሆነ ዞር ብላ መዳፏን ሳጥኑ ላይ ታሳርፍና «ምነው?» ብላ በምልክት ትጠይቀኛለች። ለጥምቀት ታቦታቱን አጅበን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ስንወርድ፣ ከበሮ የያዙት የሰንበት ተማሪዎች በአጠገባችን ሲያልፉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ምቱን ተከትላ ስትወዛወዝ ያየ ሰው ንዝረት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ወለል ላይ መቀመጧ ቀርቶ ከእኛ ጋር እኩል ተቀምጣ እንድታይ እፈልጋለሁ።

ለዚህም ባስ ሼከር፣ ማለትም ሶፋ ሥር ታስሮ ባሱን በንዝረት ለተቀማጩ የሚያደርስ መሣሪያ፣ ለመግዛት አስቤአለሁ። በመጪው ጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ዕቃውን በሻንጣው ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ተሳስቼ ባዝዝ መመለሻ የለውምና ከማዘዜ በፊት የምታውቁትን እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። ትልቅ ሼከር ይሻላል ወይስ ትንንሾቹ? ለባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ አንድ ይበቃዋል? አምፕሊፋየሩስ ስንት ዋት ይሁን? ሶፋው እዚሁ ከተማችን የተሠራ ሲሆን ማዕቀፉ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው።

የፒያሳው የድምፅ ቴክኒሺያን፦

ወንድሜ፣ ከዋትና ከዋጋ በፊት ስለሚቀመጠው ሰው መናገርዎ መልሱን ግማሽ መንገድ አድርሶታል።

ቆርቆሮው የሚንጫጫው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የምሠራበት ክፍል ፒያሳ ካሉት የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች በአንዱ ፎቅ ላይ ሲሆን ወለሉ ጣውላ ነው፤ መጠነኛ ሰብዉፈር ሲጫወት እንኳ ንዝረቱ በወንበሬ እግር በኩል ወደ ላይ ይመጣል። የእርስዎ ወለል ግን መሬት ላይ የተኛ ኮንክሪት ስለሆነ በአየር የሚመጣ የድምፅ ግፊት ንቅንቅ አያደርገውም፤ የሚንቀሳቀሰው ቀለል ያለው ነገር ማለትም ኮርኒሱና ቆርቆሮው ነው። ስለዚህ ባለ 15 ኢንች ሰብዉፈር ቢያስገቡ የጣሪያው ጩኸት ይጨምር ይሆናል እንጂ ሶፋው ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አይልም።

ሼከር እንደ ስፒከር የሽቦ ጥቅልና ማግኔት አለው፤ ልዩነቱ አየር በሚገፋው ወረቀት ፈንታ በስፕሪንግ የተያዘ ከባድ ብረት ማወዛወዙ ነው። ብረቱ ወደ ላይ ሲወረወር አቃፊው፣ ከእሱም ጋር የታሰረበት እንጨት ወደ ታች ይገፋል፤ ብረቱ ሲመለስ እንጨቱም ይመለሳል። ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ተቀማጩ አጥንትና ሥጋ ስለሚሄድ ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ እጅግ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። እንደ አውራ ፕሮ እና እንደ ዴይተን ቢኤስቲ 1 ያሉት ትንንሾቹ 50 ዋት የሚችሉ፣ ባለ 4 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያላቸው መቋቋም) ናቸው፤ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ይረክሳል። ድክመታቸው 40 ሄርዝ (በሰከንድ 40 ንዝረት) አካባቢ ላይ በተፈጥሯቸው አብዝተው መንዘራቸው ነው፤ ካላረሟቸው ፍንዳታውም ነጎድጓዱም የመኪናው ሞተርም አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰማል፤ ከ20 ሄርዝ በታች ደግሞ ጉልበታቸው ቶሎ ይከዳቸዋል። እንደ ባትኪከር ኤልኤፍኢ ያለው ትልቁ ወገን እስከ 5 ሄርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ነገር ግን አምራቹ ከ400 እስከ 1500 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ይመክርለታል፤ ክብደቱም ብርቱ ማዕቀፍ ይፈልጋል። ከወንበር እግር ሥር የሚቀመጡና ወንበሩን በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለእርስዎ ዓላማ አያዋጣም ብዬ አምናለሁ።

የቀረው ወገን፣ በጥሞና እንዲያስቡበት የምለምንዎ፣ እንደ ክላርክ ሲንተሲስ ያለው ሰፊ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ፣ የሚያስተናግደው ነው። ይህን የምለው ለእህትዎ ነው። በቆዳችን ሥር ያሉት ፈጣን ንዝረት ተቀባዮች ከሁሉ ይበልጥ የሚነቁት 250 ሄርዝ አካባቢ ላይ ነው። የወንድ ድምፅ መነሻ ፍሪኩዌንሲ ከ85 እስከ 180፣ የሴት ደግሞ ከ165 እስከ 255 ሄርዝ ገደማ ነውና የሰው ንግግር ምት የሚያርፈው ቆዳ በደንብ በሚለየው ቦታ ላይ ወይም በአቅራቢያው ነው። የፊልም የባስ መስመር (ወደ ሰብዉፈር የሚላከው ድምፅ) ግን 120 ሄርዝ ላይ ያበቃል። እንግዲህ ለእሷም እንደ ሌላው ሰው ትንንሾቹን ሼከሮች ብቻ ገጥመው በባስ መስመሩ ላይ ቢያያይዙላት ፍንዳታው ይደርሳታል፤ ንግግሩ፣ ማሲንቆው፣ የበሩ መንኳኳት አይደርሳትም። ሰፊው ዓይነት ቢገጠምላት ቃሉን ባትለይም ሰው መናገር ሲጀምርና ሲያቆም፣ ሲቆጣና ሲያንሾካሹክ ያለውን ልዩነት ጀርባዋ ላይ ታገኘዋለች። ጽሑፉን ከሥር እያነበበች ይህ ሲጨመርላት ፊልሙ ሌላ ነገር ይሆንላታል።

ለሚሰሙት ሰዎች ግን ይህ ዓይነት አይመችም፤ ከሶፋው ውስጥ የታፈነ ንግግር ይሰማቸውና ይረብሻቸዋል። ስለዚህ ለእህትዎ ራሱን የቻለ ባለ አንድ መቀመጫ ይሠራላት፣ ሰፊው ዓይነት እዚያ ላይ ይግባ፤ ለሶፋው ሁለት ትንንሽ ሼከሮች ከበቂ በላይ ናቸው። የእሷ መቀመጫ ሲግናል ከሰብዉፈር መውጫ ሳይሆን ሙሉ ድምፅ ከሚወጣበት፣ ለምሳሌ ከቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ መምጣት አለበት። የሶፋውን ከሰብዉፈር መውጫው በሁለት ቅርንጫፍ ገመድ ይክፈሉትና ከ60 ሄርዝ በላይ ያለውን በማጣሪያ ይቁረጡት፤ 40 ሄርዝ ላይ ያለውንም ጉብታ በኢኳላይዘር ዝቅ ያድርጉት።

ሰብዉፈርዎን ግን እንዳይሸጡት። ከበሮ ሲመታ ደረት ላይ የሚያርፈው ነገር በአየር የሚመጣ ግፊት ነው፤ እሱን ሼከር አይተካውም። ሼከሩ ሲገባ የሰብዉፈሩን ድምፅ ጥቂት ዝቅ አድርገው ተመሳሳይ ስሜት ያገኛሉ፤ ቆርቆሮውም ያርፋል።

አናጢው ከቅዳሜ ገበያ፦

ስለ ድምፁ ባለሙያው ተናግሯል፤ እኔ ስለ እንጨቱ ልጨምር። በምስማር ብቻ የተያያዘ ሶፋ ላይ ይህን መሣሪያ ማሰር ሶፋውን ማፍረስ ነው። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ ያስገጠመውን ሶፋ ከጥቂት ወራት በኋላ ይዞልኝ መጣ፤ ከግራ በኩል ያለው ተሸካሚ እንጨት ላይ ምስማሮቹ በንዝረቱ ብዛት የገቡበትን ቀዳዳ አስፍተው እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቁ ነበር፤ በጣቴ ሳብኩት፣ ወጣ። ስለዚህ አስቀድመው ሶፋውን ገልብጠው የሥሩን ጨርቅ ይክፈቱና መጋጠሚያዎቹን በሙሉ በኮላና በብሎን ያስጠብቁ።

ሼከሩን በስፖንጁ ሥር ባለው ላስቲክ ላይ ወይም በቀጭን ጣውላ ላይ አይሰሩት፤ ላስቲኩ ንዝረቱን ይውጠዋል፣ ቀጭኑ ጣውላ ደግሞ ይንጫጫል። ከፊት ተሸካሚው ወደ ኋላ ተሸካሚው የሚደርስ፣ ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ደረቅ የጽድ ጣውላ ያስገቡና ሼከሩን መካከሉ ላይ በአራት ብሎን፣ ከሥሩ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ አድርገው ይሰሩት። ለባለ ሦስት መቀመጫ ሁለት ሼከር ካለዎት በሁለቱ የመቀመጫ ድንበሮች ላይ ቢውሉ ሦስቱም ሰዎች እኩል ያገኛሉ። በሶፋው እግሮች ሥር ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጣት በሚያህል ውፍረት የተቆረጠ ጎማ ያድርጉ፤ ወለልዎ ሴራሚክ ስለሆነ ያለ ጎማ ሶፋው እየተንሸራተተ ሄዶ ግድግዳውን ይነካል።

የእህትዎን ወንበር በተመለከተ መቀመጫው ብቻ ሳይሆን መደገፊያውም ይታሰብበት። ጀርባዋን ሳጥን ላይ ማስደገፍ የለመደች ልጅ ናት፤ መሣሪያው መደገፊያው ውስጥ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ቢገባ የለመደችውን ታገኛለች ብዬ አስባለሁ። ስፖንጁ እዚያ ላይ ሳሳ ይበል።

የአዘዞው ኤሌክትሪሺያን፦

አንድ ነገር ካልተነገረ ገንዘብዎ ይቃጠላል። ሼከሩ ራሱ ከግድግዳ መብራት ጋር አይገናኝም፤ ከየትኛውም አገር ቢመጣ ችግር የለውም። አደጋ ያለው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «ሁለቱንም ይችላል» ተብሎ የተሸጠልኝን አምፕሊፋየር ጀርባውን ሳላነብ ሰካሁት፤ ከአየር ማስገቢያው ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየሁ፣ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ። ስለዚህ ዘመድዎ ሼከሮቹን ብቻ ያምጣ፤ አምፕሊፋየሩን እዚሁ ይግዙ። ባለ ሁለት ቻናል፣ በ4 ኦም በየቻናሉ 100 ዋት የሚሰጥ ለትንንሾቹ ይበቃል። መጠኑን እጥፍ አድርገው 200 ዋት ቢገዙ የሚያገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ገንዘቡን ለስታብላይዘር ያውሉት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን የቮልቴጅ ዝላይ ዝም ብሎ የሚችል አምፕሊፋየር ብዙ የለም።

ሽቦውን ሲያያይዙ ሁለቱን ባለ 4 ኦም ሼከሮች በአንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን ቢያስሯቸው ጭነቱ 2 ኦም ይሆናል፤ ብዙ አምፕሊፋየር ይህን አይችልም። በየቻናሉ አንድ አንድ ያድርጓቸው ወይም በተከታታይ አያይዘው 8 ኦም ያድርጓቸው። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱም በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን፤ ከተገላበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ መካከል የተቀመጠው ሰው ምንም አይሰማውም።

ሌላው እምብዛም የማይታሰብ ነገር የመብራት ጉምጉምታ ነው። የመብራታችን ፍሪኩዌንሲ 50 ሄርዝ ሲሆን፣ ትንንሾቹ ሼከሮች አብዝተው የሚነዝሩበት 40 ሄርዝ ቅርብ ነው። በስፒከር በኩል ጆሮ የማያገኘው ጉምጉምታ በሶፋ በኩል ሲመጣ ያለማቋረጥ ይሰማል፤ ፊልሙ ጸጥ ባለ ቁጥር ያስጨንቃል። ቴሌቪዥኑን፣ የሲኒማውን አምፕሊፋየርና የሼከሩን አምፕሊፋየር ከአንድ የግድግዳ ሶኬት በሚወጣ ኤክስቴንሽን ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ በሲግናሉ ገመድ መካከል የሚገባ መነጠያ ትራንስፎርመር በመኪና ሙዚቃ ገጣሚዎች ዘንድ ይገኛል። የግራውንድ መስመሩን መቁረጥ ግን በምንም ዓይነት አይሞከር፤ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ነው።

የማራኪው ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የረሳሁት አለ፤ እናታችን የወገብ ዲስክ መንሸራተት ያለባት ሲሆን ዘወትር የሶፋው ቀኝ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ንዝረቱ ይጎዳት ይሆን?

የፒያሳው የድምፅ ቴክኒሺያን፦

ይህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ተቀምጦ ያለ የሰው አካል ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ንዝረት ይበልጥ የሚሳሳው ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ባለው ክልል ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ወገብ የሚታመምበት አንዱ ምክንያት ይህን የመሰለ ዝቅተኛ ንዝረት ነው። ትንንሾቹ ሼከሮች በዚያ ክልል ጉልበት የላቸውም፤ ትልቁን እንዳይገዙ የምመክርበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ቢሆንም ለእናታችን ያልተገጠመለት ሌላ ወንበር ይዘጋጅላቸው፤ ሶፋው ላይ ልቀመጥ የሚሉ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁልኝ። ነፍሰ ጡር እንግዳም ስትመጣ አምፕሊፋየሩን ማጥፋት አይርሱ፤ ለዚህ ሲባል ማብሪያ ማጥፊያው ለእጅ ቅርብ በሆነ ቦታ ይሁን።

እህትዎን ይዘው ወደ ክፍሌ ቢመጡ ሁለቱንም ዓይነት አስሬ ላሳያት እችላለሁ፤ አንድ አሮጌ ሰፊ ዓይነት አለኝ። ከማዘዝዎ በፊት መራጯ እሷ ብትሆን ይሻላል።

የማራኪው ጠያቂ፦

ቅዳሜ ከሰዓት ሄደን ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለሙያው በመጀመሪያ ትንሹን ሼከር በእንጨት ወንበር ሥር አስሮ አንድ የፊልም ክፍል አጫወተላት። ፍንዳታው ሲመጣ ሣቀች፤ ጥቂት ቆይታ ግን እጆቿን መሪ እንደያዘ ሰው አድርጋ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀቻቸው። «ባጃጅ ነው፤ ሁሉም ነገር ባጃጅ ነው» ማለቷ ነበር። ባለሙያው 40 ሄርዝ ላይ ያለውን ጉብታ ዝቅ ሲያደርግላት «አሁን መንገዱ አስፋልት ሆነ» አለች፤ ቢሆንም ብዙም አልረካችም።

ቀጥሎ ሰፊውን ዓይነት መደገፊያው ላይ፣ አናጢው እንዳሉት ከወገብ ከፍ አድርጎ አሰረውና ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ከፈተ። ዓይኗን ጨፈነች። ደጋኑ አውታሩን በሳበ ቁጥር ቀኝ እጇ ከጉልበቷ ላይ ከፍ ይላል፣ ዘፋኙ ሲገባ ደግሞ ግራ እጇን ታነሣለች። ባለሙያው ሆን ብሎ የዘፋኙን ድምፅ መካከል ላይ አቋረጠው፤ ዓይኗን ሳትገልጥ ግራ እጇን አወረደች። እኔ ከዚያ ወዲያ ማየት አልቻልኩም፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ስለ ፊልሙ ግን አንድ ቅሬታ አቀረበች። የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ሥዕሉና ጀርባዋ ላይ የሚሰማት እኩል አልነበሩም፤ ንዝረቱ ቀድሞ ይመጣል አለች። ባለሙያው ይህን የሚያመጣው ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ለማሳመር የሚወስደው ጊዜ መሆኑን ነገረን፤ የድምፁን መዘግየት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ «አሁንስ?» እያለ ጠየቃት፤ ሦስተኛው ላይ አውራ ጣቷን አነሣች። እኔና እሱ ልዩነቱን አላስተዋልነውም ነበር።

ስለዚህ ትዕዛዙ አንድ ሰፊ ዓይነትና ሁለት ትንንሽ ሆኗል፤ አምፕሊፋየሮቹን እዚሁ እገዛለሁ። ለቅዳሜ ገበያው አናጢ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። እህቴ ወንበሯ ከሶፋው ተለይቶ ጥግ ላይ እንዲቀመጥ አትፈልግም፤ ባለ ሦስቱ ሶፋ ለሁለት ተከፍሎ የእሷ መካከል እንዲገባ ነው የጠየቀችው። ማዕቀፉን ሳይጎዱ መክፈል ይቻላል? ከተቻለስ የእሷ ንዝረት ወደ ሁለቱ ጎኖች እንዳይሻገር በመካከላቸው ምን ያህል ክፍተት ይተው?

አናጢው ከቅዳሜ ገበያ፦

ይቻላል። መካከለኛው እግር ላይ ይከፈላል፤ በሁለቱም በኩል አዲስ ተሸካሚ እንጨት ይገባል። የሁለት ጣት ክፍተት ይበቃል፤ ላዩን ጨርቅ እንሸፍነዋለን፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው አንድ ሶፋ ነው። ሰኞ ጠዋት ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፤ እህትዎም ቤት ትሁን፣ የጀርባዋን ቁመት መለካት አለብኝ።